በዊድቢ ደሴት በደንና በባሕር ዳርቻ በእግር ለመጓዝ፦ ቀኑን የሚወስነው ባሕሩ ነው

ጥያቄዎ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሲያትል ይኖራሉ፤ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁዎ የመጡትን የ68 ዓመት እናትዎን፣ ባለቤትዎንና የ7 እና የ11 ዓመት ልጆችዎን ይዘው፣ ከሐዋርያት ጾም ፍቺ በኋላ ፍልሰታ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ወደ ዊድቢ ደሴት መሄድ ይፈልጋሉ። በዚያው ቀን በደቡብ ያለውን ጥንታዊ ደን፣ በመካከል ያለውን የኢቢስ ላንዲንግ አፋፍና በሰሜን ጫፍ ያለውን የዲሴፕሽን ፓስ ድልድይ ለማዳረስ አስበዋል። የኢቢስ ላንዲንግ መንገድ በአፋፉ ላይ ሄዶ በባሕር ዳር የሚመለስ መሆኑን ካርታ ላይ አይተው፣ «ውኃው ሲሞላ መመለሻው ይዘጋል» የሚል ወሬ ስለሰሙ ሠግተዋል።

ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። ሦስቱንም ቦታ በአንድ ቀን ማዳረስን ግን አልመክርም። ደሴቲቱ በካርታ ላይ ቀጭን ሆና ብትታይም ከደቡብ ጫፏ እስከ ሰሜን ጫፏ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ታስኬዳለች፤ በየቦታው ፓርኪንግ መፈለጉና ልጆችን ማውረድ መጫኑ ሲጨመርበት፣ ለእግር ጉዞ የታሰበው ቀን መኪና ውስጥ ያልቃል። የእኔ ምክር ኢቢስ ላንዲንግን የቀኑ ዋና ጉዳይ አድርጎ ደኑን ከሁለቱ በአንዱ ብቻ፣ ማለትም በደቡብ ዊድቢ ወይም በዲሴፕሽን ፓስ፣ ማየት፣ የቀሩትን ነገሮች ሁሉ ደግሞ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ዙሪያ ማመቻቸት ነው። ብዙ ሰው ቀን የሚመርጠው የአየር ትንበያ አይቶ ነው። እዚህ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት የባሕሩ የሙላትና የጉድለት ሰሌዳ ነው፤ ዝናብ ቢመጣ ጃኬት ይለበሳል፣ ውኃ የሸፈነው ዳርቻ ላይ ግን አይኬድም። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ሰዓትም ዘመንም በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።)

ላንጋኖን ወይም ሐዋሳን እያየ ላደገ ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ለውጥ እንግዳ ነው፤ በሐይቅ ዳር ጠዋት የተቀመጡበት ድንጋይ ማታም ደረቅ ሆኖ ይገኛል። በዊድቢ ምዕራባዊ ዳርቻ ግን ውኃው በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በዚህም ምክንያት ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ሁለቱ ሙላቶችም ሆኑ ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይደሉም። አንዱ ጉድለት ጥቂት ወርዶ ሲመለስ፣ ሌላው ወለሉን እስኪያሳይ ድረስ ርቆ ይሸሻል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ጉድለት፣ 11 ሰዓት» የሚለውን ብቻ አይቶ መነሣት አይበቃም፤ ከፍታውን የሚያሳየውን ቁጥርም ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ የሚሰጠው በጫማ ነው። ዜሮ የሚባለው የየዕለቱ ዝቅተኛ ጉድለቶች አማካይ በመሆኑ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ካዩ ዳርቻው በሰፊው ተገልጦ ይጠብቅዎታል ማለት ነው። ልጆች ባሉበት ጉዞ እኔ የምከተለው መለኪያ፣ ውኃው ከ5 ጫማ ማለትም ከ1.5 ሜትር በታች ሆኖ ገና እየወረደ ሳለ ወደ ባሕር ዳር መግባት ነው። ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ሆኖ እየሞላ ከሆነ ግን አልገባም፤ ልጆች ድንጋይ ሲያገላብጡ ግማሽ ሰዓት እንዴት እንደሚያልፍ ያውቁታልና።

ሰሌዳውን የሚያወጣው ኖዋ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ነው፤ በነፃ ይገኛል። ሲከፍቱት የሲያትልን ሳይሆን የፖርት ታውንሰንድን ጣቢያ ይምረጡ። ፖርት ታውንሰንድ ከኢቢስ ላንዲንግ ባሻገር ከወሽመጡ ማዶ የምትታይ ከተማ ስትሆን፣ ሲያትል ፑጀት ሳውንድ በተባለው የባሕር ሰርጥ ውስጥ ጠልቃ ስለምትገኝ ሙላቱ ወደ እርሷ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከፍታውም ይበልጣል። በተለመደው ቀን ከፍተኛው ሙላት በፖርት ታውንሰንድ ከዜሮው 2.6 ሜትር ገደማ ከፍ ሲል፣ በሲያትል ወደ 3.5 ሜትር ይጠጋል። የሲያትልን ሰሌዳ ይዞ ዊድቢ የሚሄድ ሰው ባሕሩ ገና እየወረደ ነው ብሎ ሲያስብ ውኃው መመለስ ጀምሮ ሊያገኘው ይችላል። የታተመ ሰሌዳ ከያዙ ደግሞ ሰዓቱ በበጋው (በሞቃቱ ወራት) አንድ ሰዓት ወደ ፊት በሚገፋበት ለውጥ የተስተካከለ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ለመጓዝ ያሰቡበት ወቅት ለዚህ ጉዳይ እጅግ ምቹ ነው። በዚህ አካባቢ ትልልቆቹ ጉድለቶች በብርዱ ወራት የሚውሉት በሌሊት ሲሆን፣ ከአፕሪል እስከ ኦገስት ግን ቀን ላይ ይሆናሉ፤ በተለይ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ ወይም እኩለ ቀን አካባቢ ዳርቻው በደንብ ይገለጣል። ሐምሌ 5 ጾሙ ተፈትቶ ነሐሴ 1 ፍልሰታ እስኪገባ ድረስ፣ ማለትም ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6፣ ባሉት ቅዳሜዎች ሰሌዳውን ተመልክተው ዝቅተኛው ጉድለት ከጠዋቱ 10 ሰዓት እስከ ቀኑ 1 ሰዓት የሚውልበትን ይምረጡ። በፍልሰታም ባሕሩ እንዲሁ ምቹ ነው፤ ሆኖም እናትዎም ልጆችዎም ከጾሙ፣ በዚያ ነፋስና ፀሐይ ሳይጠጡ መጓዛቸውን አልመክርም፤ ስለዚህ ከፍልሰታ በፊት ማለትዎ ትክክል ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ጉድለቱ 11 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ከማከልቲዮ የሚነሣው ፌሪ በደሴቲቱ ደቡብ ያለችው ክሊንተን ለመድረስ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚፈጅበት ቢሆንም፣ በበጋ ቅዳሜ የመኪናው ሰልፍ ከመሻገሪያው ጊዜ ብዙ እጥፍ ሊረዝም ስለሚችል፣ ከ7 ሰዓት በፊት ወደቡ ላይ መድረስ ይበጃል። ከክሊንተን ወደ ኢቢስ ላንዲንግ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ያስነዳል። 9 ሰዓት ላይ ከባሕሩ ዳር ፓርኪንግ ተነሥተው መጀመሪያ አፋፉን ይውጡ። መንገዱ ከጅምሩ ያስተነፍሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን በግራ ባሕሩን፣ በቀኝ የእርሻውን ማሳ እያሳየ በአፋፉ ጠርዝ ይዘልቃል። አየሩ ጥርት ካለ በምዕራብ የኦሎምፒክ ተራሮች ሰንሰለት ይታያል። በስተመጨረሻው መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ፔሬጎስ ሐይቅ ጫፍ ይወርዳል፤ ሐይቁ ማዕበል ባከማቸው የጠጠር ክምርና ባሕር በተፋቸው ግንዶች ከባሕሩ የተለየ ጨዋማ ውኃ ነው። ከዚያ በጠጠሩ ዳርቻ ወደ ፓርኪንጉ ይመለሳሉ። ዙሪያው 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከልጆች ጋር እየቆሙ ሲሄዱ ወደ ባሕር ዳሩ የሚወርዱት ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ወይም በዚያው አካባቢ ይሆናል፤ ውኃው ገና እየሸሸ ነው፣ ጊዜዎም ሰፊ ነው።

አቅጣጫውን ገልብጠው ከባሕር ዳሩ የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው፤ መሄጃው ደልዳላ ስለሚመስል ይማርካል። እኔ ግን አልመርጠውም፤ ጠጠሩ እግርን በጣም ስለሚያደክም፣ አቀበቱ ልጆቹ ከደከሙ በኋላ ይመጣባቸዋል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከሁዋን ደ ፉካ ወሽመጥ የሚነሣው የምዕራብ ነፋስ በአፋፉ ላይ ያለውን ሰው በቀጥታ ነው የሚያገኘው።

ስለ አፋፉ ራሱ አጥብቄ የምነግርዎ አለ። ይህ ገደል እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ አለት አይደለም፤ የዛሬ 16,000 ዓመት ገደማ የቀለጠው ታላቅ የበረዶ ግግር ትቶት የሄደው የአሸዋ፣ የጠጠርና የሸክላ ድርብርብ ነው። የዝናቡ ውኃ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ሸክላው ላይ ሲደርስ ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ፈስሶ በገደሉ ፊት ይወጣል፤ በላዩ ያለው አሸዋም መያዣ አጥቶ ይንሸራተታል። ከታች ደግሞ ሙላት ከማዕበል ጋር ሲመጣ የገደሉን እግር ይበላዋል። በማርች 2013 በዚሁ ደሴት ካለችው ከኩፕቪል ከተማ በስተደቡብ ሌጅውድ በተባለው የመኖሪያ ሰፈር የደረሰው ከፍተኛ የመሬት መንሸራተት የዚሁ የአፈር አሠራር ውጤት ነበር። ስለዚህ ከላይ ሲሄዱ ልጆቹ ፎቶ ለመነሣት ወደ ጠርዙ እንዳይጠጉ ይከልክሏቸው፤ ሣር የለበሰው ጫፍ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከታች ሲመለሱም ምሳችሁን ነፋስ ለመሸሽ ብላችሁ ገደሉ ሥር አትብሉ። በተለይ ከዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት፣ አዲስ የወደቀ እርጥብ አፈር ካዩ፣ ወደ ውኃው ጠጋ ብላችሁ እለፉ።

ባሕር የተፋቸው ግዙፍ ግንዶችም ለልጆች መጫወቻ ይመስላሉ። ውኃው ርቆ ደርቀው ሲገኙ ቢወጡባቸው ግድ የለም፤ ማዕበል የሚደርስባቸው ከሆነ ግን በጥቂት ውኃ ተንሳፍፈው የሚንከባለሉና ሰው ከሥራቸው ማስቀረት የሚችሉ ናቸው። ውኃው ሞልቶ ግንዶቹን እየነካ ካገኙት፣ መመለሻዎ በመጡበት በአፋፉ በኩል ይሁን። ረዘመ ብለው አይዘኑ፤ መንገዱ ያው ነው፣ ርዝመቱም ብዙ አይለይም።

እናትዎን በተመለከተ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚኖሩ ሰው እዚህ ባሕር ጠለል ላይ ትንፋሽ አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግራቸው ጉልበታቸው ነው። ጠጠሩ በእያንዳንዱ እርምጃ ከእግር ሥር ይሸሻል፤ ወደ ፔሬጎስ ሐይቅ የሚወርደው ቁልቁለትም ደረቅና ተንሸራታች ነው። ለእሳቸው የሚስማማው በመቃብር ሥፍራው አጠገብ ካለው ከፍ ያለ ፓርኪንግ ተነሥቶ በእርሻው ዳር የሚሄደው ደልዳላ መንገድ ነው፤ ማሳውንና ባሕሩን አንድ ላይ ያሳያል፤ እስከ ፈለጉበት ሄደው መመለስ ይችላሉ። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ አብሯቸው ሆናችሁ፣ ሌላው ልጆቹን ይዞ ዙሪያውን ቢሄድና በባሕሩ ዳር ፓርኪንግ ብትገናኙ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ገበሬ ዘመድ ካላቸው ደግሞ ማሳው ራሱ ያነጋግራቸዋል። ይህ ሥፍራ በ1978 ብሔራዊ ታሪካዊ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ሲቋቋም በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር፤ እርሻው እንዳይታረስ ሳይሆን መታረሱ እንዲቀጥል ነው የተጠበቀው። ከ1850 ጀምሮ ነጭ ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊትም የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሜዳውን በእሳት እያጸዱ ካማስ የሚባለውን የሚበላ ሥር ይንከባከቡበት ነበር። አብዛኛው መሬት ዛሬም የግል ስለሆነ ከተከለለው መንገድ መውጣት ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክል ነው።

ደኑን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት። ከሁለቱ ለእናንተ የምመርጠው ዲሴፕሽን ፓስን ነው፤ ምክንያቱም በፌሪ ገብታችሁ በድልድዩ በኩል በመኪና ስትወጡ መንገዳችሁ ላይ ስለሚገኝ፣ ለመመለሻው ሁለተኛ የፌሪ ሰልፍ አይኖርባችሁም። የደቡብ ዊድቢ ፓርክ ደን በእውነቱ ይበልጥ ጸጥ ያለ ነው፤ በ1970ዎቹ ዛፎቹ እንዳይቆረጡ የአካባቢው ነዋሪዎች ታግለው ያተረፉት ሲሆን፣ በውስጡ ከ500 ዓመት በላይ የሆነው ሬድ ሴዳር የተባለ ዛፍ ይገኛል። ለብቻው ሌላ ቀን ይገባዋል፤ ያን ቀን ሲሄዱ ግን በዚያ በኩል ወደ ባሕር እወርዳለሁ ብለው አያቅዱ፤ ቁልቁለቱ የሚንሸራተት ነው።

በዲሴፕሽን ፓስ ሁለት አማራጭ አለ። እናትዎና ትንሹ ልጅ በዌስት ቢች በኩል ያለችውን የአሸዋ ክምር መንገድ ይሂዱ፤ አጭርና ደልዳላ ናት፣ ከ800 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚነገርለት በነፋስ የተጠማዘዘ ዳግላስ ፈር የተባለ ዛፍም በዚያው ይታያል። አቅም የተረፈው ጉዝ ሮክን ይውጣ፤ 148 ሜትር ብቻ ቢሆንም የደሴቲቱ ከፍተኛው ቦታ እርሱ ነው፣ መውጫውም ከግዙፍ ዛፎች ሥር ያልፋል። ጫፉ ላይ ያለው አለት የለበሰው የድንጋይ ሽበትና ሣር በጫማ ሲረገጥ ለመመለስ ዓመታት ስለሚፈጅበት በተረገጠው ላይ ብቻ ይሂዱ። ድልድዩ በ1935 የተሠራ ሲሆን ከውኃው 55 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የእግረኛው መሄጃ ጠባብ፣ መኪናውም ቅርብ ነውና የ7 ዓመቱን ልጅ በግድግዳው በኩል አድርገው በእጅዎ ይያዙት። ከሥሩ የሚያልፈው ውኃ በሙላትና በጉድለት መካከል እንደ ወንዝ ስለሚገሰግስ፣ በዚያ አካባቢ ልጆች ጉልበታቸው ድረስም ቢሆን ባይገቡ እመርጣለሁ። የባሕሩ ውኃ በበጋም ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለመዋኛ የሚሆን አይደለም።

በደኑ ውስጥ ከመንገድ ዳር ያለውን ሳማ ለልጆቹ ያሳዩዋቸው፤ አገር ቤት ከምናውቀው አያንስም፣ እዚህ ግን ቁመቱ ከልጅ ሊበልጥ ስለሚችል ፊት ላይ ያገኛል። ረዥም ሱሪ ይበቃል። ለአፋፉ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ለሁሉም ያዙ። ኩፕቪል የኦሎምፒክ ተራሮች ዝናቡን ስለሚጋርዱላት ከሲያትል ግማሽ ገደማ ብቻ ነው የሚዘንብባት፤ ሰዎች ይህን ሰምተው በሸሚዝ ይመጣሉ፣ ነፋሱ ግን ተራራ አይከለክለውም። የታጠፈ ወፍራም ነጠላ ለእናትዎ አይበዛም። ውኃ ከቤት ይዛችሁ ኑ።

ጥቂት ነገሮች ሳያስደነግጧችሁ በፊት ልንገራችሁ። ስልካችሁ በምዕራብ ዳርቻ የካናዳን ኔትወርክ ሊይዝ ስለሚችል ሮሚንጉን አጥፉት፤ የሙላቱን ሰሌዳና ካርታውንም አስቀድማችሁ በስልኩ አስቀምጡት። በኩፕቪል አቅራቢያ የባሕር ኃይሉ ጄቶች የማረፍ ልምምድ የሚያደርጉበት ሜዳ አለ፤ ድምፁ ለሕፃንም ለአዛውንትም ከባድ ነው፣ የየሳምንቱን የልምምድ ሰዓት ግን የጦር ሰፈሩ አስቀድሞ ስለሚያሳውቅ ማየት ትችላላችሁ። በዳርቻው ብቻዋን የተኛች የባሕር ውሻ ግልገል ካጋጠመቻችሁ ተጥላ አይደለችም፤ እናቷ ለአደን ሄዳ ነውና 90 ሜትር ያህል ርቃችሁ እለፉ፣ አትንኳት። ልጆቹ ከድንጋዩ ላይ የለቀሙትን ቅርፊት ለባስ የባሕር ፍጥረት ማንም እንዳይቀምስ፤ ለመልቀም ፈቃድ ከማስፈለጉም በላይ፣ በአንዳንድ ጊዜ በውስጡ የሚከማቸው መርዝ ተቀቅሎም አይጠፋም።

መኪና ለማቆም በሁለቱም የክፍለ ግዛቱ ፓርኮች፣ ማለትም በኢቢስ ላንዲንግ ባሕር ዳርና በዲሴፕሽን ፓስ፣ ዲስከቨር ፓስ የሚባል የማቆሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቀንም የዓመትም አለ፤ አንዱ የቀን ፓስ በዚያው ዕለት በሁለቱም ቦታ ይሠራል። ከቤት ሳይወጡ ገዝተው አትመው በመኪናው መስታወት ላይ ያስቀምጡት፤ ሁለት መኪና ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ለእያንዳንዱ ያስፈልጋል። የመረጡት ቅዳሜ ደርሶ የሙላቱ ሰዓት ተቃራኒ ሆኖ ካገኙት፣ ማለትም ውኃው እኩለ ቀን ላይ ሞልቶ የሚውል ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ ጠዋት በስቴት ሩት 20 በኩል ወደ ዲሴፕሽን ፓስ ገብታችሁ ደኑን ጨርሱ፤ ኢቢስ ላንዲንግን ደግሞ ወደ ማታ፣ ውኃው መሸሽ ከጀመረ በኋላ አድርጉት። በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 9 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ 6 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁም ዙሪያውን በብርሃን ትጨርሱታላችሁ።